ሾፌርና እንቅልፍ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርለት ጉዳይ ለሰው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ይኸውም እንቅልፍ ነው። በአልጋው ላይ ላለ ሰው እንቅልፍ ዕረፍትና ጤና ይሰጣል። መሪ ጨብጦ ለተቀመጠ ሾፌር የመጣ እንደሆነ ግን የራሱን፣ የተሳፋሪዎቹንና በመንገድ ዳር የሚሄዱትን ሰዎች ሕይወት ያጠፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከነዚህ መካከል እንቅልፍ የገደላቸውን ለይቶ መቍጠር አስቸጋሪ ነው። መጠጥ በትንፋሽ ይመረመራል፤ ለእንቅልፍ ግን እንደዚህ ያለ መመርመሪያ የለም። አደጋው ሲደርስ ሾፌሩ በድንጋጤ ይነቃል፤ አለዚያም ጨርሶ አይነቃም። ብዙ ጊዜ ለመርማሪው የሚቀረው ምልክት የፍሬን ዱካ የማይታይበት መንገድ ብቻ ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ ከአንድ ከታወቀ ስፍራ ተነሥተን እንመልከተው። በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ አሪቻ የምትባል የቡና አገር አለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ቡናዋ በስሟ እየተጠራ በውጭ አገር ገበያ ይሸጣል። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰት ጋር በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያሳድጋል፤ በዚህም የአያት የቅድመ አያት ጥበብ የተነሣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ይህ የከበረ ፍሬ ግን ጠባዩ ቸኩሎ የሚያስቸኩል ነው። በመኸሩ ወራት፣ ይልቁንም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ለቃሚው ቀኑን ሲለቅም ይውላል፤ ገበሬው ወደ ማታ ያስረክባል፤ መኪናው እሸቱን ጭኖ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ ይወስዳል፤ መፈልፈያው መኪና ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሊሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ እሸት ሲያመላልስ ያመሸ ሾፌር በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የደረቀውን ቡና ወደ ዲላ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ እንዲያደርስ ቢታዘዝ፣ ሌሊቱ ለእርሱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ብቻ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሾፌር በሐሳባችን እንከተለው። ከይርጋ ጨፌ እስከ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ አለበት። በወናጎ አድርጎ እስከ ዲላ ያለው መንገድ ዳገትና ቍልቍለት፣ መታጠፊያም የበዛበት በመሆኑ እጁንና ዓይኑን ያሠራዋል። የማለዳው ብርድም ያነቃዋል። ሐዋሳንና ሻሸመኔን አልፎ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ፣ በላንጋኖና በዝዋይ አቅጣጫ በሚያልፈው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ፀሐይ በርትታለች፤ ምሳ ተበልቷል፤ የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ሌሊቱን ያልተከፈለው የእንቅልፍ ዕዳ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው እንቅልፉን አላመጣውም፤ በሾፌሩ ውስጥ ተደብቆ የቆየውን ገለጠው እንጂ።

ይህ ዕዳ ምን እንደሆነ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሰው ነቅቶ በቆየ ቍጥር በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ይህም የአንጎልን ሥራ ቀስ በቀስ እያለዘበ የድካም ስሜት ያሳድራል። ሰው ሲተኛ አዴኖሲኑ ይቀንሳል። ከዚህም በቀር በሰውነታችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ተፈጥሯዊ ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት ንቃታችንን በቀን ሁለት ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል፤ አንደኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሁለተኛውና ቀለል ያለው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር በስምንት ሰዓት መጀመራቸው ለማስታወስ ያመቻል። ስለዚህ ሾፌር የሆነ ሁሉ የቀኑን ስምንት ሰዓትና የሌሊቱን ስምንት ሰዓት እንደ አደገኛ መታጠፊያ አድርጎ ሊጠነቀቃቸው ይገባል።

እንቅልፍ ሾፌርን የሚይዘው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ የሚመጣው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚቆይ ድንገተኛ ሸለብታ ነው። ዓይን ተገልጦ ሳለ እንኳ አንጎል ማየቱን ሊያቋርጥ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ለ4 ሴኮንድ ሸለብ ቢያደርገው መኪናው ወደ 90 ሜትር የሚሆን መንገድ ያለ መሪ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን፣ መንገድ የሚያቋርጥ ከብት፣ ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ ሊኖር ይችላል።

ድካም ከመጠጥ ጋር የሚተካከል መሆኑም በምርመራ ተረጋግጧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በአውስትራልያ ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሳያስተኙ አቆይተው የእጃቸውንና የዓይናቸውን ቅንብር መዘኑ። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አሠራሩ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህም በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ ሾፌር እንዳያልፈው የተከለከለው ልክ ነው። 24 ሰዓት ያልተኛው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ደረሰ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተነሣ ሾፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓቱን ሞልቷል። ይህ ሾፌር አንድ ብርጭቆ ጠላ እንኳ ሳይቀምስ እንደ ሰካራም ሊነዳ ይችላል፤ ነገር ግን ሰካራም ነህ ብሎ የሚያስቆመው የለም።

እንቅልፍ ግን ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ ጠላት አይደለም። ደጋግሞ ማዛጋት፣ የዓይን ቆብ መክበድና ዓይን መቆጥቆጥ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ፍጥነትን አንድ ጊዜ መጨመር አንድ ጊዜ መቀነስ፣ ከመንገዱ መስመር መውጣትና መመለስ፣ ካለፉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መካከል ያዩትን ማስታወስ አለመቻል፤ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ሾፌር ከእንቅልፍ ጋር መታገል ከጀመረ ትግሉ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የነቃ ሰው ነቅቶ ለመቆየት አይታገልምና።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚይዙት መድኃኒት የተሳሳተ ነው። አንዱ መስኮት ይከፍታል፤ አንዱ ፊቱን በውኃ ያርሳል፤ አንዱ ሙዚቃ ከፍ ያደርጋል። በእንግሊዝ አገር በላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ጂም ሆርንና ሉዊዝ ሬይነር የተባሉ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ባሳተሙት ጥናት ቀዝቃዛ አየርና ራዲዮ የሚሰጡት ጥቅም ትንሽና ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን በራዲዮ መናገራችን ሊያስቅ ይችላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እየነዳ ለሚያንቀላፋ ሰው የእኛም ንግግር አይጠቅመውም፤ ቢያቆም ይሻለዋል።

ጫትን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎልን ያነሣሣል፤ ሾፌሩም ድካሙ የጠፋ ይመስለዋል። ድካሙ ግን ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። በዚህ ላይ ሾፌሩ ከመጠን በላይ በራሱ ይተማመናል፤ ፍጥነት ይጨምራል፤ የጫቱ ኃይል ሲያልቅም የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይጫነዋል።

ታዲያ የሚጠቅመው ምንድን ነው? የእንቅልፍ ዕዳ የሚከፈለው በእንቅልፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሾፌሩ በመንገድ መካከል ሳለ ሙሉ ሌሊት ሊተኛ አይችልም፤ ለጊዜው የሚያድነው አጭር ሸለብታ ነው። እነዚሁ የላፍብራ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በዋዜማው ሌሊት እንቅልፋቸው የተቀነሰባቸውን ሾፌሮች ከሰዓት በኋላ መኪና መንዳትን በሚመስል መሣሪያ ላይ አስቀምጠው ከመስመር የወጡበትን ጊዜ ቈጠሩ። በዕረፍታቸው ጊዜ ካፌይን የሌለበት ቡና ብቻ የተሰጣቸው ጊዜ የፈጸሙት ስሕተት 100 ቢባል፣ ካፌይን ያለበትን የወሰዱ ጊዜ 34 ሆነ። ካፌይኑን ወስደው ወዲያውኑ ከ15 ደቂቃ ያነሰ ሸለብታ ያደረጉ ጊዜ ግን 9 ብቻ ሆነ። ጨርሶ እንቅልፍ ያልወሰዳቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ብለው ብቻ የቆዩት እንኳ ተጠቅመዋል።

አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎችም ይህን ቀደም ብለው ሞክረውታል። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈርና የበረራ ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባወጣው ዘገባ፣ በረጅም በረራ ላይ ተራ በተራ የ40 ደቂቃ ዕረፍት የተሰጣቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተው፣ ካላረፉት ይልቅ ነቅተው አውሮፕላኑን ማሳረፋቸው ተገልጿል። በመቶ የሚቈጠሩ መንገደኞችን የያዘ አብራሪ ሸለብ ማድረጉ ነውር ካልሆነበት፣ ቡና የጫነ ሾፌር የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ቡናና ሸለብታ የሚረዳዱበት ምክንያት እንዲህ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ በመያዝ የድካሙ መልእክት እንዳይደርስ ያግዳል። ነገር ግን ከተጠጣ በኋላ በሚገባ ሥራውን እስኪጀምር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው መሪ የጨበጠ ሾፌር መድኃኒቱ ሳይሠራ አደጋው ሊቀድመው ይችላል። ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው ሸለብ ያደረገ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አንጎሉን ትንሽ ያሳርፋል፤ ሲነቃም ካፌይኑ ሥራውን ሲጀምር ያገኘዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪፈጸም መቀመጥ ለወዳጅ ጨዋታ መልካም ነው፤ ለደከመ ሾፌር ግን አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ጨዋታውን ለሌላ ቀን አቆይቶ ጋደም ማለት ይሻለዋል። አሪቻና ሌሎቹም የጌዴኦ ቀበሌዎች ለዓለም የሚልኩት ፍሬ ራሱን ለሚያጓጉዘው ሰው በዚህ ዓይነት ይጠቅመዋል።

አሠራሩም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊደረግ ይገባዋል።

1ኛ፤ ምልክቱ እንደታየ የሚቀጥለውን ከተማ ወይም ነዳጅ ማደያ መፈለግ ነው። መኪናውን ከመንገዱ ፈጽሞ አውጥቶ ማቆም ይገባል። በመታጠፊያ፣ በድልድይ አጠገብ፣ ጉም በሚወርድበት ዳገት ላይ ማቆም ሌላ አደጋ መጥራት ነው።

2ኛ፤ ሞተር ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ መስኮቱን ጥቂት ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ሞተር ሳያጠፉ ተዘግቶ መተኛት የጭሱን መርዝ ሊያስገባ ይችላል። ከጎማ ሥር ድንጋይ የተደረገ እንደሆነ ሲነሡ ማንሣት እንዳይረሳ፤ በመንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ በሌሊት ሌላውን ሰው ይገድላልና።

3ኛ፤ ረዳቱ ንብረቱን እንዲጠብቅ ማድረግ፣ ቡናውን መጠጣት፣ የእጅ ስልኩን ደወል በ20 ደቂቃ መሙላት፣ ዓይንን ጨፍኖ ጋደም ማለት ነው። ጊዜውን ከዚህ ብዙ ማስረዘም ሰውን ወደ ከባድ እንቅልፍ ያስገባዋል፤ ከዚያ በድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ለብዙ ደቂቃ ድንዝዝ ይላል።

4ኛ፤ ከነቁ በኋላ ወዲያው አለመንዳት ነው። ወርዶ ጎማውንና የጭነቱን ገመድ እያዩ መኪናውን አንድ ጊዜ መዞር፣ ፊትን መታጠብ፣ አእምሮ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሊወገዝ የሚገባው ልማድ ሾፌሩ ሲደክመው መንጃ ፈቃድ ለሌለው ረዳት መሪውን መስጠት ነው። ይህ ከአንዱ አደጋ ሸሽቶ ወደሚብሰው መግባት ነው። ረዳቱም ያው ሌሊቱን አብሮ ሲጭን ያደረ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለ አጭር ሸለብታ ይህን ያህል ስናመሰግን ልኩንም መናገር ግዴታችን ነው። የሸለብታ ጥቅም ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ሙሉ ሌሊት አይተካም። ሁለት ጊዜ አቁሞ ሸለብ ካደረገ በኋላ እንደገና የሚያንቀላፋ ሾፌር ጉዞውን አቋርጦ ማደር ይገባዋል። ሌሊቱን በሚገባ ተኝቶ ሳለ ቀን ቀን ዘወትር የሚያንቀላፋ፣ በእንቅልፉም ውስጥ በኃይል የሚያንኰራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መታየት አለበት። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሾፌር የሆነ ሰው መድኃኒት ሲቀበል ሥራውን ለመድኃኒት ባለሙያው ይንገር።

እስከዚህ የተናገርነው ለሾፌሩ ነው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። ሌሊቱን እሸት ሲያመላልስ ያደረውን ሰው «ከማታ በፊት አዲስ አበባ ድረስ» ብሎ የሚያዝዘው ነጋዴ፣ የመመላለሻውን ብዛት እንጂ የሾፌሩን ዕረፍት የማይቈጥር ባለመኪና፣ መኪናው ቆም ሲል «ምን ያስተኛሃል!» ብሎ የሚጮኽ ተሳፋሪ፣ እነዚህ ሁሉ የመሪው ተካፋዮች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት የጭነት መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። ያረፈው ሾፌር እንደ ሰነፍ አይቈጠርም፤ ሳያርፍ የነዳው ይቀጣል።

ሒሳቡንም ብናየው ያው ነው። ከአሪቻ አዲስ አበባ ለሚደርስ ጭነት ቡናውን መጠጣትን፣ ሸለብታውንና ከነቁ በኋላ ያለውን ቆይታ ጨምሮ የሚጠፋው ጊዜ ከ30 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ለመኪናው ነዳጅ ሲቀዳና ጎማ ሲነፋ ጊዜ ጠፋ ብሎ የሚያማርር የለም። የሾፌሩም ዕረፍት እንዲሁ የጉዞው አንድ ክፍል ሆኖ ሊታሰብ ይገባዋል። ስንት ሰው የደከመበት ቡና፣ ለቃሚዋ አንድ በአንድ የለቀመችው፣ ገበሬው ዓመት ሙሉ የጠበቀው፣ በገደል ውስጥ ሲበተን ማየት ያሳዝናል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ቡናስ ይለቀማል፤ ከመኪናው ሥር የሚወጣው የሰው ሬሳ ግን በምንም አይመለስም።

ስለዚህ ባለመኪናዎች ሆይ፣ ሾፌሮቻችሁን ከመላካችሁ በፊት ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኙ ጠይቋቸው። ተሳፋሪዎች፣ ሾፌራችሁ ደክሞኛል ብሎ ሲያቆም አመስግኑት። ሾፌሮችም፣ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ዓይናችሁ ሲከብድ ወኔያችሁን አትፈትኑ፤ ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ፤ ቡናችሁን ጠጡ፤ ሃያ ደቂቃ ሸለብ አድርጉ። በቤታችሁ የሚጠብቋችሁ ሰዎች በግማሽ ሰዓት መዘግየታችሁ አይቈጡም።

በሰላም ያግባችሁ።